ቁጥር የሌለው ወረቀት፦ የቤት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ናቸው። ስለ ቤት ስል ስለ ጣራና ግድግዳው አይደለም፣ ስለ ወረቀቱ ነው። የቀበሌ ቤት፣ ሃያ ሰማንያ፣ ዕጣ፣ ውክልና፣ መሸኛ። መሀል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይኼን ቋንቋ ከሀሁ ጋር ነው የሚማረው። ለማታውቁኝ፣ ቤት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት አቧራ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ጠበቃ ሳይሆን ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ እንደኖረ ሰው ነው። ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ካላችሁ ጠበቃ ያዙ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ በእናቴ ስም ነው። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው አለሁ፣ ሁለት ልጆችም አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ ቤት የሚያጣሩ ልጆች መጥተው ‹ተከራይዋ ማን ናቸው?› አሉኝ። ‹እናቴ› አልኩ። ‹የታሉ?› ሲሉኝ ዕንባዬ መጣ። የሆነ ነገር ጽፈው ሄዱ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ኪራዩን እስከ ዛሬ በእናቴ ስም ነው የምከፍለው። ቤቱን ይወስዱብኝ ይሆን?» — የአራት ኪሎዋ

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር።

የቀበሌ ቤት አይወረስም። ይኼን መጀመሪያ ዋጥ አድርጊው። አይወረስም ማለት ግን ትባረሪያለሽ ማለት አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከ1967 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ የሆነው እናቶቻችን እስከ ዛሬ «ኪራይ ቤቶች» ለሚሉት፣ አሁን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለሆነው። እንግዲህ መንግሥት የወረሰውን ቤት ልጅ መልሶ አይወርሰውም። የእናትሽ የነበረው ቤቱ ሳይሆን የኪራይ ውሉ ነው። ውሉ ደግሞ አብሮ ይኖር ለነበረ፣ ሌላ ቤት ለሌለው የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ሊዞር ይችላል። አንቺ የምትጠይቂው ይኼንኑ ነው፦ ውሉ በስሜ ይዙርልኝ።

ሦስት ነገር ታሳያለሽ። እናትሽ ማረፋቸውን፣ አንቺ ልጃቸው መሆንሽን፣ እዚያ ቤት አብረሽ መኖርሽን። ለመጀመሪያው የሞት ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት ታወጫለሽ። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፣ አንቺ ዘጠኝ ወር አሳልፈሻል፣ ግን አልፏል ብለሽ አትቅሪ፣ ነገ ጠዋት ሂጂ። ለሁለተኛው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት።

የሚያስለቅሰው ሦስተኛው ነው። ወረዳው ጋ የቤተሰብ ቅጽ አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ የተዘረዘረበት ያ ትልቁ ካርድ፣ ጠርዙ የተበላው፣ መሀሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት። እኔ ስሠራ አንድ ቅጽ ላይ አራት አምስት ዓይነት ቀለም አያለሁ። አንዱ ልጅ ሲወለድ የተጻፈ፣ አንዱ አክስት ከክፍለ አገር ስትመጣ፣ አንዱ ሰው ሲሞት የተሰረዘበት መስመር። የአንድ ቤት ታሪክ በቢክ እስክሪብቶ። ስምሽ እዚያ ላይ ካለ ግማሹን መንገድ ጨርሰሻል። ከሌለ፣ ወይም አግብተሽ ወጥተሽ ተመልሰሽ ከሆነና መመለስሽ ካልተጻፈ፣ መታወቂያሽ ያንን የቤት ቁጥር ይዞ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደወጣ፣ የልጆችሽ የትምህርት ቤት ወረቀት የትኛውን አድራሻ እንደሚል፣ ሁሉንም ሰብስቢ።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። በሟች ስም ኪራይ መክፈሉን ዛሬውኑ አስተካክዪ። ደረሰኞቹን አትጣዪ፣ ውዝፍ እንደሌለብሽ ያሳያሉ። ግን «ዝም ብል ማንም አያውቅም» የሚለው ነገር ስንቱን ሰው ጎድቷል። እኛ መዝገብ ቤት «በወረቀት የማይሞቱ» የምንላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናት በፋይሉ መሠረት የመቶ አሥራ ሰባት ዓመት ሴት ነበሩ፣ ኪራይም በሰዓቱ ይከፍላሉ! አጣሪ የሚላከው እንደዚህ ዓይነቱን ለመያዝ ነው። አንቺ ሐቀኛ ሆነሽ ሳለ ከቤቱ ቸርቻሪ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፊ። በሁለት ኮፒ። አንዱን ለእነሱ፣ ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚለውን ማህተም አስመቺና ቁጥርና ቀን አስጽፊ። ይኼን ሳታስጨርሺ ከዚያ ክፍል አትውጪ። «እኔው ጋ አስቀምጪው፣ እሰጥልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፣ ግን ነገ ሊዛወር ይችላል። በእኔ ጊዜ አንድ ሰውዬ ፋይላቸው ጠፋ። ሙሉ ፋይል፣ ወፍራም። ሁለት ሳምንት ፈለግን። በመጨረሻ ያዳናቸው ኪሳቸው ውስጥ አራት ቦታ ያጠፉት አንድ ኮፒ ነው፣ ጥጉ ላይ የገቢ ቁጥር ነበረው። በዚያ ቁጥር መዝገቡን ገልጠን ደብዳቤው ለየትኛው ክፍል እንደተመራ አየን፣ ፋይሉም የሌላ ሰው ፋይል ሆድ ውስጥ ተገኘ። ቁጥር የሌለው ወረቀት ማስታወሻ ነው፣ ምንም አያመጣም።

አጣሪዎቹ የጻፉትንም ሄደሽ ጠይቂ። «ተከራይ የለም፣ ቤቱ በሌላ ሰው ተይዟል» ብለው ከሆነ የጻፉት፣ ያንቺ ማመልከቻ ከእሱ ቀጥሎ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስም በ2017 ሲነሳ ያየነው ነው፤ ተለዋጭ ቤት ሲደለደል መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ላይ ያለው ስም ነው።

«ሰላም። አንድ ሰው ኮንዶሚኒየም ሊሸጥልኝ ነው። ዕጣ ከወጣለት ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ስም ማዞር አሁን ስለማይቻል በውክልና ይሁን፣ የብድር ውልም እንፈራረማለን አለኝ። ደላላው ‹ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አታካብድ› ይላል። ብሩ የእኔና የሚስቴ የስድስት ዓመት የአረብ አገር ድካም ነው። ምን ትላለህ?» — ከለገሃር

አትግዛ። ይኼው ነው መልሱ። ግን ደላላው ከእኔ የበለጠ አፍ ስላለው ምክንያቱን በደንብ ልንገርህ።

የመንግሥት ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ክልከላው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መሬቱ በሊዝ ጨረታ ዋጋ አልተሰላም፣ መሠረተ ልማቱም ዋጋው ውስጥ አልገባም፤ የከተማው ሕዝብ የደጎመው ቤት ነው። ሰው ይኑርበት ተብሎ የተሰጠ ቤት በሳምንቱ እንዳይቸረቸር ነው። ሃያ ሰማንያ ከሆነ ደግሞ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው፣ ቤቱም ለብድሩ መያዣ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ሊሸጥልህ የፈለገው ገና በሙሉ እጁ ያልገባ ነገር ነው።

እሺ፣ ውክልናው ምንድነው? ውክልና ሽያጭ አይደለም። «በእኔ ስም ይህን ይህን ሥራልኝ» የሚል ወረቀት ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ ማህተም ቢያርፍበትም ሽያጭ አይሆንም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2226 ላይ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። አንቀጽ 2232 ላይ ደግሞ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል። ሰውዬው ሐሳቡን ቢቀይር፣ እግዜር አይበለውና ቢሞት፣ አንተ የያዝከው ወረቀት ምንም አይሠራልህም። ወራሾቹ መጥተው «አንተ ማን ነህ?» ይሉሃል። አባታቸው ብር እንደበላህ አያውቁም፣ ወይም አናውቅም ይላሉ።

የብድር ውሉ ነገር ይበልጥ ያስቀኛል። ያ ውል የሚለው «ከአቶ እገሌ ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ» ነው አይደል? በደንብ አንብበው። ቤት የሚል ቃል የለበትም። ከሦስት ዓመት በኋላ የቤቱ ዋጋ እጥፍ ሲሆን ሰውዬው ያንኑ ብር አምጥቶ «ብድርህን እንካ» ቢልህ በምን አፍህ ትከራከራለህ? ውሉ ላይ የፈረምከው አንተው ራስህ ነህ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም፣ አንቀጽ 1723 ነው። በሽሽግ የተደረገ ሽያጭ ደግሞ የሚመዘገብበት ቦታ የለውም፣ ለዚህም ነው ብድር ብለው ስሙን የቀየሩት።

ሌላም አለ። ሰውዬው ሚስት አለችው? የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ደላላው ስለ ሚስቲቱ አንድ ቃል ተንፍሶልሃል? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጭቅጭቆች የሚነሱት ያቺ ሴት ከሆነ ቦታ ስትመጣ ነው።

«ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ላለህ፣ እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ያልተጣላ ሰው ደግሞ ታሪኩን አያወራም። የተጣላው ግን ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ታገኘዋለህ። ቤቱን ከወደድከው ተከራየው። መሸጥ እንጂ ማከራየት አልተከለከለም። አምስት ዓመቱ ሲሞላ፣ የባንኩ ዕዳ ተጣርቶ፣ ሚስቱ ቀርባ፣ በግልጽ ትገዛዋለህ። ያኔ ዋጋው ይጨምራል፣ አውቃለሁ። የስድስት ዓመት ድካም ግን ከዋጋ ጭማሪ ይበልጣል።

«ልጄ፣ የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፣ የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ። በ2005 ዳግም ስንመዘገብም ተሰልፌያለሁ። ከጡረታዬ እየቀነስኩ ሳላቋርጥ ቆጥቤያለሁ። ባንክ ስሄድ ‹ቤቶች ይጠይቁ› ይሉኛል፣ ቤቶች ስሄድ ‹ስምዎ አልመጣልኝም፣ ባንክ ይሂዱ› ይሉኛል። ዕጣው ውስጥ መኖሬን እንኳ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ስሜ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው፣ ምናልባት እሱ ይሆን?» — እናት፣ ከተክለ ሃይማኖት ሠፈር

እማማ፣ እኔም ደብዳቤዎን እንዳየሁ የጠረጠርኩት እሱን ነው! ጥያቄውን ራስዎ መልሰውታል።

በድሮ ጊዜ ስም የሚጻፈው በእጅ ነው፣ ጸሐፊው እንደመሰለው። አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ አንዱ በጸሎቱ ጸ። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ። አንዱ በእሳቱ ሰ፣ አንዱ በንጉሡ ሠ። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ያደርገዎታል። ባንኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመዘግበው፣ ያኔ አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። በዚህ ላይ አሁን ፋይዳ መጥቷል፣ እሱም ላይ አንድ ልጅ በራሱ አጻጻፍ አስገብቶታል። አራት ወረቀት፣ አራት እርስዎ።

ይኼ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አይደለም። ዕጣ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች የሚለዩት ከባንክ በሚመጣ የቆጣቢዎች መረጃ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ትዝ ይልዎታል? በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ምክንያቱ በደንቡ መሠረት ያልቆጠቡ፣ መግባት የማይገባቸው ሰዎች ሲስተሙ ውስጥ ገብተው በመገኘታቸው ነው። ሰዎች ታሰሩ፣ ዕጣውም በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እርስዎን የሚመለከተው ግን ሌላው ጎኑ ነው። የማይገባው ሰው ሊገባ ከቻለ፣ የሚገባው ሰው በአንዲት ፊደል ሊወጣም ይችላል። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን የሚያመሳክሩ ሰዎች ጠንክረዋል፣ የማይገጥም ስም ሲያዩ ወደ ጎን ያደርጉታል።

እና እንዲህ ያድርጉ። የሚያነብልዎት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዘው ይውጡ፣ ብቻዎን አይሂዱ። ከባንኩ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ የቆጠቡትን የሚያሳይ ስቴትመንት ያውጡ፣ ማህተም ያለው። በ1997 እና በ2005 የተሰጥዎትን የምዝገባ ወረቀቶች፣ መታወቂያዎንና ፋይዳዎን ጠረጴዛ ላይ ይደርድሯቸው። በየአንዱ ላይ ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም እንዴት እንደተጻፈ ልጁ በአንድ ሉክ ላይ ይገልብጠው። የማይመሳሰለውን ያክብበት። ከዚያ ለቤቶች ጽሕፈት ቤቱ «እነዚህ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥልኝ» ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ሉኩንም አያይዙ። ለአራት ኪሎዋ እህታችን ያልኳት ለእርስዎም ይሠራል፦ ገቢ፣ ቁጥር፣ ቀን። በቃል ከጠየቋቸው በቃል ነው የሚመልሱዎት።

በነገራችን ላይ እርስዎ ሴት በመሆንዎ ሌላም ነገር አለ። በወጡት ዕጣዎች 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይያዝ ነበር። ምዝገባዎ ላይ ጾታ የሚለው ቦታ በትክክል መሞላቱን ይዩልኝ። ይስቁ ይሆናል፣ እኔ ግን «ወ» የሚል ምልክት የተደረገባት የአምስት ልጆች እናት በዓይኔ አይቻለሁ።

«ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ከከተማ ስለራቀብኝ አከራይቼው እኔ ልደታ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከተከራዬ ጋር የተዋዋልነው በቃል ነው። ችግር አለው?»

አለው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ወረዳ ሄዳችሁ ታስመዘግቡታላችሁ። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ጭማሪም መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ነው። ልብ በል፣ አንተ በአንድ በኩል አከራይ በሌላ በኩል ተከራይ ነህ። የልደታው አከራይህም ይኼው ግዴታ አለበት።

«ለምንድነው በየጊዜው ያንኑ ወረቀት አምጡ የሚሉን? መታወቂያ፣ ውል፣ ደረሰኝ፣ ያላገባ፣ የጋብቻ። ሌቦቹ እኛ ነን?» — የሰለቸው

ሰለቸኝ ማለትህ ይገባኛል፣ እኔም ወዲያኛው ወገን ቁጭ ብዬ ሰልችቶኝ ነበር። ግን ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በጥር 2013 የከተማው አስተዳደር አስጠናሁት ባለው ጥናት 21,695 ኮንዶሚኒየሞች ከሕግ ውጭ ተይዘው መገኘታቸውን አሳውቋል። አስበው፣ ሃያ አንድ ሺህ። የአንተ ጎረቤት እናት በየወሩ ከእቁቧ ቀንሳ ስትቆጥብ፣ እነዚያ ቤቶች ሌላ ሰው ይተኛባቸው ነበር። ስለዚህ ማጣራቱን አልቃወምም።

የምቃወመው የሚያጣሩበትን መንገድ ነው። አጣሪ የሚመጣው በሥራ ቀን ጠዋት ነው። በሩን የሚከፍትለት ማን ነው? ጡረተኛ፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ የታመመ ሰው። በሐሰት ወረቀት ሦስት ቤት የያዘው ሰው ቤት አይገኝም፣ ቢገኝም ወረቀቱ ከአንተ ወረቀት የተሟላ ነው። ምነው ቢባል፣ ሥራው ነዋ! ያላገባ ማስረጃ ማምጣት ሲያቅትህ የምትጨነቀው አንተ ነህ፣ እሱ ሁለት ዓይነት አለው። አጣሪው ባዶ እጁን ላለመመለስ አንተ ላይ «ያልተሟላ» ብሎ ይጽፋል። አንድ ሰፈር ውስጥ የወረዳው፣ የክፍለ ከተማውና የቢሮው ሰዎች በተለያየ ሳምንት መጥተው አንዱ የሌላውን ቅጽ ሳያይ ሲሞሉ አይቻለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ሲመጡ የሥራ መታወቂያቸውንና የተላኩበትን ደብዳቤ እይ። የሞሉትን ሳታነብ አትፈርም። ከፈረምክ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ማንም አይከለክልህም። «ያልተሟላ» ካሉ ምኑ እንዳልተሟላ እዚያው ላይ ያስፍሩልህ። የምትሰጠው ኮፒ ነው፣ ዋናውን ለማሳየት ብቻ አውጣው። እኔ ስሠራ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የሰው ዋና የጋብቻ ወረቀት አግኝቼ ባለቤቶቹን ለመፈለግ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ሲገኙ ተፋትተው ነበር።

የሾላዋ ጠያቂ፣ የላክሽልኝ የውል ፎቶ ላይ ጣትሽ ማህተሙን ጋርዶታል፣ ቀኑም አይነበብም። እንደገና አንሺና ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመልስልሻለሁ።